ኮምፒዩተሩ እስኪነሳ

የኔአለም መካነ ሰላም ገበያ ዳር ባለች ትንሽ ክፍል የሰው ጽሑፍ በኮምፒዩተር እየጻፈች ትተዳደር ነበር። ኮምፒዩተሯ አሮጌ ስለሆነ ሲከፈትም ሲዘጋም እየዘገየ ያንገላታል። ሸህ ጠሃ ግን አይቸኩሉም። ቁርኣን ስላስቀሯቸው ዑለማዎች ታሪክ ሊያጽፏት በመጡ ቁጥር፣ ኮምፒዩተሩ እስኪነሳ ድረስ በልጅነቷ ስለሞተችባቸው ልጃቸው ስለ ጁማና ያጫውቷታል፤ በቅሎ ላይ ካልወጣሁ እያለች እንዴት እንደምታስቸግራቸው፣ ቁርኣን ስትቀራ እንቅልፍ እንዴት እንደሚጥላት።

በኋላ አንድ የደሴ ባለሙያ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብረው የሚነሱትን የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች አጠፋላት፤ ኮምፒዩተሩም ቶሎ የሚነሳ ሆነ። በማግስቱ ሸህ ጠሃ መጥተው ገና አረፍ እንዳሉ፣

"ጁማናን ሐኪም ቤት ስወስዳት፣ መንገድ ላይ ነፍሷ ሳትወጣ ምን እንዳለችኝ ነግሬሻለሁ?" አሏት።

"አልነገሩኝም፤ ይንገሩኝ እንጂ።"

ሸሁ ቀና ሲሉ ኮምፒዩተሩ ተከፍቷል።

"ይኸው ተነሳልሽ። መብራት ሳይሄድ እንጻፍ፤ ይኸኛውን ነገ ኢንሻአላህ።"

በነጋታው አልመጡም። ታመው ነበር፤ ሳምንቱ ሳያልቅ አረፉ።

የኔአለም ለቅሶ ስትደርስ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰብሪያ አጠገባቸው አስቀመጧት።

"ሸሁ አንቺ ዘንድ ብዙ ይቆዩ ነበር። ምን ያወሩሽ ነበር?"

"ስለ ጁማና።"

ወይዘሮ ሰብሪያ ደነገጡ። "ከቀበርናት ወዲህ እኮ እኔ ፊት ስሟን አንስተው አያውቁም።"

የኔአለም የሰማችውን አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። እሳቸውም እያለቀሱ፣ አልፎ አልፎም ፈገግ እያሉ አዳመጧት። ሲበቃቸው እጇን ይዘው፣

"መንገድ ላይስ? ልጄ ምን ብላቸው ነው የሞተችው?" አሏት።

"ይኸኛውን ነገ ብለውኝ ነበር" አለች የኔአለም።