ለጋሼ የሰማኋቸው አልበሞች

ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ወድጄው አላውቅም። ጠልቼውም አላውቅም። ሥራዬ የሶፋ ልብስ መስፋት ነው፤ የስፌት መኪናዬ ቀኑን ሙሉ ስለሚያጓራ ሌላ ጩኸት አላማረኝም። ይሁንና ላለፉት ሁለት ዓመታት በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የሙዚቃ ገጽ ላይ በታላቅ ወንድሜ ስም የወጣው አስተያየት ሁሉ በእኔ ጆሮ የተሰማ ነው።

ጋሼ ስለ አልበም መጻፍ ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ጆሮው መድከም ሲጀምር ጉንፋን ነው አለ። ቀጥሎ ደግሞ ሰው ሁሉ ማጉተምተም ጀመረ ብሎ ተቆጣ። ሐኪሙ ቁርጡን ሲነግረው አብሬው ነበርኩ፤ ደረጃውን ወርደን ሳንጨርስ ለማንም እንዳልተነፍስ በእናታችን ስም አስማለኝ። ለአንድያ ልጁም ጭምር። ልጅቷ የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው። ስትደውል አያነሳም፤ "ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ጻፊልኝ" ብሎ መልእክት ይልክላታል። ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ስብሰባ ላይ አይቀመጥም፤ እሷ ግን ቅር እያላት ትጽፍለት ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ይመጣል። ልብሱ የተገፈፈ ሶፋ ላይ ይቀመጥና ከንፈር ከንፈሬን ያያል። እኔ በማዳመጫ የሰማሁትን እነግረዋለሁ፤ ያልያዘውን የደንበኞች ልክ በማሰፍርበት ደብተር ላይ እጽፍለታለሁ።

"እነዚህስ?" ይለኛል፣ አራት ጎረምሶች ያወጡትን አዲስ የሮክ አልበም እያሳየኝ።

"ከበሮ መቺው ብቻውን ይለፋል። ሌሎቹ የመውጫ ሰዓት የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።"

"በጊታር ብቻ ፎክ የምትጫወተዋስ?"

"እሷማ ጊታሯን እየነካካች ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ትላለች። ደህና እንዳልሆነች ጎረቤቶቿ ሳይቀሩ ያውቃሉ።"

ይስቃል፤ እየሳቀም ይጽፋል። አዘጋጁ "ጽሑፍህ ዘንድሮ ነፍስ ዘራ" ያለው ቀን ግን አልሳቀም። "አሥራ ስድስት ዓመት በራሴ ጆሮ ስጽፍ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም" አለኝ። የስፌት መኪናዬን አስነሳሁ።

ለእሱ ያልነገርኩት አንድ ነውር ነበረብኝ። የአልበም የመጨረሻ ዘፈን አልሰማም። ሁልጊዜ ረጅምና ቀርፋፋ ነው፤ በር ላይ ቆሞ መሰናበት እንደማያውቅበት እንግዳ ይሆንብኛል። እዚያ ስደርስ ማዳመጫውን አወልቅና "ረጋ ብሎ ይዘጋል" እለዋለሁ። ጋሼም አምኖ ይጽፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ገጽ ላይ ያልረጋ አልበም አልነበረም፤ ደግነቱ አንባቢም ልብ አላለም።

ባለፈው ወር ጋሼ ማክሰኞ መጣ። የልጁ የመጀመሪያ አልበም ወጥቷል፤ ዘጠኝ የፎክ ዘፈን፣ ጊታርና የራሷ ድምፅ ብቻ። ሸሚዙን ተኩሶ ነበር የለበሰው።

"እንደ አክስት አትስሚ። እንደ ማንኛውም አልበም ስሚና እንዳለ ንገሪኝ" አለኝ።

እንዳለ ነገርኩት። ሦስተኛው እንደሚንዛዛ፣ አምስተኛው ላይ መርፌዬን ጥዬ እንዳለቀስኩ፣ ድምፅዋ የእናታችንን እንደሚመስል። እናታችንን ስጠራ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይኑን ከጨፈነ ደግሞ እኔን መስማት አይችልም፤ እስኪገልጥ ጠበቅኩ። ከዚያ አንዲት ደንበኛ ትራሶቿን ልትወስድ ገባች፣ እኔም ዘጠነኛውን ሳልሰማ ስምንተኛው ላይ አቆምኩ።

"መጨረሻውስ?"

"ረጋ ብሎ ይዘጋል" አልኩት።

"ልጄ ናትና ሚዛኔን አትመኑ" ብሎ ጀምሮ እስከዛሬ ከጻፈው ሁሉ የሚያምረውን ጻፈ። የጨረሰው ግን በእኔ ቃል ነው።

ጋዜጣው ከወጣ በኋላ በነበረው ሐሙስ ልጅቷ እንደምትመጣ ሳትነግረን ሱቄ መጣች። ጋሼ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ደብተሩ ላይ አቀርቅሯል።

"አባዬ" አለች።

ጋሼ መጻፉን ቀጠለ።

"አባዬ፣ እያናገርኩህ ነው። ዘጠነኛውን ሰምተኸዋል?" ጋዜጣው እጇ ላይ ነው፤ "ረጋ ብሎ ይዘጋል" የሚለው ተሰምሮበታል። "ስልኬን አታነሳም፣ እሺ። አልበሜን እንኳ እስከ መጨረሻው መስማት አቃተህ? አሁን ደግሞ ዞር ብለህ ማየትም አስጠላህ?"

በእናታችን ስም የማልኩት መሐላ ትዝ አለኝ። እማዬ፣ ይቅር በይኝ ብዬ አፈረስኩት።

"ያልሰማሁት እኔ ነኝ" አልኳት። "እሱ አይሰማም፣ ልጄ። ከነአካቴው አይሰማም። ሁለት ዓመት አለፈው።"

ጋሼን አየችው፤ ስትጮህበት ቆይታ እንኳ ብዕሩ አልቆመም ነበር። ያኔ ገባት። ጋዜጣውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ማዳመጫዋን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

ዘጠነኛው ዘፈን እንደፈራሁት ረጅም ነበር። ጊታሩ ሲያበቃ የድሮ ካሴት ሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ። የትንሽ ልጅ ለቅሶ፣ ከዚያ የሰው ሳቅ። የጋሼ ነበር፤ ወጣቱ ጋሼ፣ ጉሮሮው ገና ሲጋራ ያልነካው። ልጅቷን ያባብላታል። ማዳመጫውን አወለቅኩ።

ጋሼ ቀና ሲል ሁለታችንን አየ። ልጁን ሲያይ ፊቱ በራ፤ የእኔን ፊት ሲያይ ደግሞ ምስጢሩ እንደወጣ ገባው። አልተቆጣም። ማዳመጫውን ብቻ ጠቆመ።

"ምን አለበት?"

ደብተሩን ከፊቱ ወሰድኩና ጻፍኩለት። "መጨረሻው ላይ የአንተ ድምፅ አለ። እሷ ሕፃን ሆና የተቀዳ ነው። ታለቅሳለች፤ አንተ ደግሞ እንዲህ ትላታለህ፦ 'አታልቅሺ፣ የትም አልሄድም። ከሺህ ልጅ መሀል ብትጠሪኝ ድምፅሽን እለየዋለሁ።'"

አነበበው። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ እንደገና አነበበው። ከዚያ ልጁን እጇን ያዘና፣ ከፍታውን መቆጣጠር ባቃተው በዚያ ጮክ ባለ ድምፁ፣

"ያኔ እውነቴን ነበር" አላት።