ድምፅ የሌላት መኪና

ሸዋሉል አሮጌ መኪናዋን፣ ዲኤክሷን፣ የሸጠችው ባሏን ሳታማክር ነው። ደባልቄ በዚያን ጊዜ የሚማከር ሰው አልነበረም። ጠዋት የነገሩትን ከሰዓት ይረሳል፤ ሸሚዙን ገልብጦ ይለብሳል፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረባትን አሶሳን አንዳንዴ ደብረ ብርሃን ናት ብሎ ይከራከራል። ሐኪሙ በሽታው የመርሳት በሽታ እንደሆነና እየባሰበት እንጂ እየተሻለው እንደማይሄድ ነግሯታል። እሷም አዋላጅ ነርስ ስለሆነች ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

ደባልቄ ሾፌር ነበር። ክልሉ ገና ሲመሠረት፣ ቢሮዎቹ ወንበር እንኳ ሳይሟላላቸው፣ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ መጣና የትምህርት ቢሮ መኪና መንዳት ጀመረ። ደብተርና መጽሐፍ ጭኖ እስከ ማንኩሽ ይሄዳል፤ ክረምት ከሆነ ጭቃው ይዞት ሦስትና አራት ቀን መንገድ ላይ ይከርማል። ሸዋሉልን ያገኛት ባምባሲ ላይ ነው። አዲስ የተመደበች ነርስ ነበረች፤ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ተበላሽቶ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። አሳፍሯት አሶሳ እስኪደርሱ ድረስ ያወሩት ስለ መንገዱ ብቻ ነበር። በዓመቱ ተጋቡ።

ዲኤክሷን የገዙት ልጃቸው ትህትና ሦስተኛ ክፍል ሳለች ነው። ነጭ ናት፤ ሲገዟትም አርጅታ ነበር። ደባልቄ በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ላይ እሁድ እሁድ ሸዋሉልን መንዳት አስተማራት። ከዚያ በኋላ እሱ የቢሮውን መኪና፣ እሷ ዲኤክሷን ይዘው እየወጡ ኖሩ። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ ከተበየደ ወዲህ መኪናዋ ታጓራለች። ጡረታ ከወጣ በኋላ ደባልቄ ድምፁን ከሰፈሩ መስጊድ ማዕዘን ጀምሮ ይሰማውና ከግቢያቸው ማንጎ ሥር ተነሥቶ በሩን ይከፍታል። ሸዋሉል ለበሩ ብላ ጡሩምባ ነፍታ አታውቅም። መርሳት ከጀመረ በኋላ እንኳ፣ የራሱን ዕድሜ ሲጠይቁት የሚጠፋበት ሰው፣ በሩን አንድ ቀን አልሳተም።

ችግሩ የመጣው በቤንዚን ነው። ሸዋሉል ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ባለው ክሊኒክ ትሠራለች። የሚያመላልሳቸው ሰርቪስ በበጀት እጥረት ከቀረ በኋላ በራሷ መኪና መመላለስ ነበረባት። ማደያው ደግሞ ቤንዚን የሚመጣለት በሳምንት አንዴ ነው፤ ሲመጣም ባጃጆቹ ከዋዜማው ጀምረው መንገዱን ሞልተውታል። መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቀድታ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ታፈነባት። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ዋለች። ደባልቄን ቀን ቀን የምትጠብቀው ጎረቤታቸው ኸድራ ልጇ ታሞባት ቀደም ብላ ስትሄድ ደባልቄ በሩን ከፍቶ ወጣ። ያገኙት ገበያው ውስጥ ነው፤ ባዶ እግሩን፣ የቢሮውን መኪና ማን ወሰደብኝ እያለ።

ትህትና አዲስ አበባ ባንክ ትሠራለች። ነገሩን ስትሰማ እናቷን በስልክ መጎትጎት ያዘች። ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ወደ አገር አይገቡም ከተባለ ወዲህ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ እያዞረ እንደሆነ፣ ማታ ሰክቶ ጠዋት መሄድ እንደሚቻል፣ ሰልፍ የሚባል ነገር እንደሚቀር ነገረቻት። ጾሬ ደርሶ ለመመለስ ከበቂ በላይ ነው አለቻት። ሸዋሉል ሁለት ሳምንት አሰበችበት። ከዚያ ዲሳሳ የሚባል የባምባሲ ነጋዴ ዲኤክሷን ወሰደ፤ በሳምንቱ አዲሷ መኪና በአይሱዙ ተጭና ከአዲስ አበባ መጣች።

ትንሽ ናት፤ ሰማያዊ። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ አያት። አንዱ፣ ግድቡ እኛው ክልል ሆኖ መብራት የሚጠፋብን ነገር ባይኖር እንዴት ባማረባት ብሎ አሳቃቸው። ሸዋሉልም የመጀመሪያውን ቀን ጾሬ ደርሳ ስትመለስ ደስ ብሏት ነበር። መንገዱ ላይ የወፎች ድምፅ ይሰማታል። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ መንገድ ወፍ ሰምታ አታውቅም።

ቤቷ ስትደርስ በሩ ዝግ ነበር። ጥቂት ጠበቀች፤ ወርዳ ራሷ ከፍታ ገባች። ደባልቄ ማንጎው ሥር ተቀምጧል። አጠገቡ ደርሳ፣ መጣሁ፣ ስትለው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ በሩን አየ።

«ሸዋሉል ዘገየች» አላት።

«እኔ ነኝ እኮ፣ ደባልቄ።»

ፈገግ አለ፤ ሰው ሲቀልድበት እንደሚያደርገው። «መኪናዋን ሳልሰማ?»

የዚያን ቀን እራት እያቀረበችለት ስሟን ጠርቷት ስለነበር ብዙም አልደነገጠችም። ይለምደዋል አለች። ማግስቱንም እንዲያው ሆነ፤ ሦስተኛውንም ቀን። እሷ ቤት ገብታ ልብስ ቀይራ ምግብ ስትሠራ እሱ በር በሩን እያየ ይቀመጣል። ጡሩምባ ብትነፋ፣ እንግዳ መጥቷል ብሎ ኸድራን ይጠራል። ከመስጊዱ ማዕዘን ስልክ ደውላ፣ መጣሁ፣ አለችው፤ እሺ ብሎ ስልኩን ዘግቶ ጠበቃት፤ ስትገባ ግን አሁንም የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነው።

ኸድራ አማርኛ የተማረችው ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው። አንድ ቀን እጅ እየታጠበች፣ «እትዬ፣ ጋሼ ዛሬ ምሳ አልበላም» አለቻት። «ሸዋሉል ሲመጣ አብረን እንበላለን ይላል። ወላሂ፣ እኔ ብዙ ለመንኩት። አንተ ያን መኪና ለምን ሸጥክ?»

 ጥያቄው ሌሊትና ቀን በሸዋሉልም ራስ ውስጥ የሚመላለስ ነበር።

በሁለተኛው ወር አንድ እሁድ ሸሚዙን ልትቆልፍለት ስትጠጋው እጇን በአክብሮት ገለል አደረገና፣ «አይድከሙ፣ እራሴ እለብሳለሁ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷን እያየ «አንቺ» ብሏት አያውቅም። ሲያጎርሱት፣ እግዜር ይስጥልኝ እመቤት፣ ይላል። ውሃ ሲፈልግ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚለምናት። በሠላሳ ዓመት ትዳር ውስጥ ተጣልተውም ታርቀውም ያውቃሉ፤ «እርስዎ» ተባብለው ግን አያውቁም። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር አለች ለትህትና በስልክ። ትህትና ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ስታለቅስ ደግሞ እሷን ማባበል ሆነ ሥራዋ።

በመጨረሻ ባምባሲ ሄደች። ዲሳሳ የበርበሬ ነጋዴ ነው፤ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ አገኘችው። ዲኤክሷ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ኋላዋ ጆንያ ተጭኖባታል። ሸዋሉል ሁሉንም ነገረችው። መኪናዋን ልትወስድበት እንዳልመጣች፣ አንድ ቀን ብቻ አሶሳ ድረስ ይዞላት ቢመጣ እንደሚበቃት አስረዳችው። ዲሳሳ የራሱም አባት በስተእርጅናው እንዲህ ሆኖ እንደነበር ነገራት። ቅዳሜ እመጣለሁ አለ፤ ለመንገዱ ልትከፍለው ስትል ተቆጣት።

ቅዳሜ ከሰዓት ዲሳሳ መስጊዱ ማዕዘን ላይ ወርዶ መሪውን ለቀቀላት። መኪናዋን አጥቦ ነው ያመጣት። ሸዋሉል ጠዋት ፀጉሯን ተሠርታ ነበር፤ ደባልቄ የሚወደውን አረንጓዴ ቀሚስም ለብሳለች። ስታስነሣት መኪናዋ እንደ ድሮዋ አጓራች። 

ግቢው ውስጥ የሆነውን በኋላ የነገረቻት ኸድራ ናት። ደባልቄ ድምፁን ሲሰማ የያዘውን ሙዝ አስቀመጠ፤ ተነሣ፤ ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተ። ወደ በሩ ሲሄድ ሊሮጥ ምንም አልቀረውም።

ሸዋሉል በሩ ሲከፈት አየችው። ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጁን እያወዛወዘ፣ ግቢ ግቢ ይላታል። ፊቱ በርቷል። እያለቀሰች ገባች፤ ሞተሩን አጠፋች። እሱ የመኪናዋን ኮፈን በመዳፉ ዳበሰው፤ ዞሮ መጥቶ የሾፌሩን በር ከፈተላት።

አያት። ጎንበስ ብሎ ከጎኗ ያለውን ወንበር አየ፤ ከኋላም አየ።

«ሸዋሉልስ?» አለ። «የት ትተዋት መጡ?»

 ደባልቄ ፊቷ ላይ እንባ ሲያይ ደነገጠ። «ምነው፣ አንድ ነገር ሆነች እንዴ?» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። ያኔ ነው ለእሱ ስትል የዋሸችው።

«ደኅና ናት። ሥራ ላይ ነች። ትመጣለች።»

ዲሳሳ በር ላይ ደርሶ ቆሞ ነበር። ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆየና ቁልፉን ተቀብሎ መኪናውን ይዞ ሄደ። ሸዋሉል የዚያን ቀን ያወቀችው፣ ዲኤክሷን ባትሸጥም ኖሮ ቀኑ መምጣቱ እንደማይቀር ነው። ማወቋ ግን አላቀለላትም። ጥቂት ወራት ይጨመርልኝ ነበር የሚለው ሐሳብ ጨርሶ አልለቀቃትም።

ከዚያ ወዲህ እኔ ነኝ ማለቷን ተወች። ከሥራ ስትመለስ መኪናዋን ሰክታ፣ እጇን ታጥባ፣ ወንበር ይዛ ማንጎው ሥር አጠገቡ ትቀመጣለች። ባለቤትዎ ገና ናት? ትለዋለች። ገና ናት ይላል፤ ቤንዚን አጥታ ይሆናል። እስከምትመጣ አብሬዎት ልቀመጥ ስትለው ደስ ይለዋል፤ ስለ ሚስቱም ያወራላታል። አዋላጅ እንደሆነች፣ መንዳት ያስተማራት እሱ እንደሆነ፣ ማርሽ ስትቀይር ምላሷን ትነክስ እንደነበር። እንዲህ ሲያወራ ስለ እሷ ሰምታ አታውቅም። ደባልቄ ዝምተኛ ሰው ነበር።

አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ነገር ላጫውትዎት፣ ለማንም አይንገሩብኝ። ማንኩሽ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦብኝ ሁለት ቀን ሰው ሳይደርስልኝ ቀርቻለሁ። እግሬ ተይዞ ነበር። እሞታለሁ ብዬ አልፈራሁም። እሷ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር የሚታየኝ፤ እሱ ነው ያስለቀሰኝ።»

ሸዋሉል ከብዙ ዓመት በፊት አንክሶ የመጣበትን ቀን አስታወሰች። ጎማ ስቀይር ወደቅሁ ነበር ያላት።

«ለምን አልነገሯትም?»

«ትሰጋለቻ። ሥራህን ተው ትለኛለች።» ጥቂት አሰበ። «አሁን ግን ጡረታ ወጥቻለሁ። ስትመጣ እነግራታለሁ።»

«ይንገሯት» አለችው። «ደስ ይላታል።»

ኅዳር ላይ ደባልቄ በሳንባ ምች ስድስት ቀን ተኛ። ትህትና ደርሳ ስድስቱንም ቀን አብራቸው ነበረች። ሸዋሉል ግሉኮሱን ራሷ ሰካችለት፤ ላቡን ጠረገችለት፤ እሱም እስከ መጨረሻው ምስጋናውን አላጓደለባትም። ያረፈው ረቡዕ ጠዋት ነው። እጇን ይዞ ነበር፤ የማን እጅ እንደያዘ ግን አያውቅም።

ዕድርተኛው ድንኳኑን ካነሣ በኋላ ትህትና እናቷን አዲስ አበባ ልውሰድሽ ብላ ለመነቻት። ሸዋሉል ጾሬ በዚህ ወር የሚወልዱ አራት ሴቶች አሉኝ ብላ እንቢ አለች። ልጇን አውሮፕላን ማረፊያ አድርሳ ስትመለስ ኸድራ ግቢው ውስጥ የተዋሷቸውን ብርጭቆዎች ስታጥብ አገኘቻት። አጠገቧ ቁጭ ብላ ማድረቅ ጀመረች፤ እያደረቀችም የማንኩሹን መንገድ ታሪክ ነገረቻት።

«ሠላሳ ዓመት ሳይነግረኝ ሞተ» አለች።

«ነገረህ እኮ» አለች ኸድራ። «እዚህ ነው የነገረህ። እኔ አየሁ፣ አንተ ሰማህ።»

«እኔን አይደለም፣ ኸድራ። ለእንግዳዋ ነው የነገራት።»

ኸድራ ሌላ ብርጭቆ አቀበለቻት።