የኡምኩልሱም ኦሪጅናል

«ኔትወርክ ነው አልኩሽ፤ ምን ላርግልሽ?» አለ ሁዜይፋ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ አጎንብሶ ምንም ያልሆነ ሽቦ እየነቀለ እየሰካ።

«ኔትወርክ ቢሆን ስልኬስ? ይኸው እህቴ ከሪያድ በቪዲዮ እየሳቀችብኝ ነው» አለችው ኡምኩልሱም።

«የጌሙ ኔትወርክ ሌላ ነው።»

«ሌላ? የሱ በየት በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው፣ በወግዲ?»

ሊጫወቱ መጥተው የቆሙት ሁለት ተማሪዎች ሳቁ። አንደኛው ጆይስቲኩን አስቀምጦ፣ «ደሞ ቡድንሽ ትናንት ሰባት ለዜሮ ተሸንፏል ይላል፤ ማንን አጫውተሽበት ነው?» አላት። የከፈሉትን ብር መልሰው ተቀብለው ወጡ። የት እንደሚሄዱ ይታወቃል፤ ወደ በፍቃዱ ጌም ቤት። የበፍቃዱ ጌም በፍላሽ የተገለበጠ ነው፤ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ደንታ የለውም።

«አጂብ ነው እኮ» አለች ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ። «የሰረቀው ሲያጫውት ይውላል። የገዛሁት እኔ በየደቂቃው ‹እውነት ገዝተሽኛል ወይ› እባላለሁ። ሌባ እመስላለሁ?»

ሁዜይፋ ሽቦውን አጥብቆ ያዘ።

ሪያድ የሰው ቤት ስትጠርግ ኖራ ባመጣችው ገንዘብ ነው መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ይችን ቤት የከፈተችው፤ አንድ ደህና ኮምፒውተርና ሁለት ጆይስቲክ። ያቆመላት ሁዜይፋ ነው። የተገለበጠውን ሊጭንላት ሲል፣ «በሐላል ገንዘቤ ሐራም አልነግድም» ብላ ኦሪጅናሉን አስገዛችው። እሱም በራሱ ኢሜይል ገዛላትና ፓስወርዱን ለራሱም አስቀረ። ያ ጌም ደግሞ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም፤ በዚያው ፓስወርድ አንዱ ሲገባ ሌላውን ገፍትሮ ያስወጣል። ሁዜይፋ ቤቱ ጋደም ብሎ «አንዴ ብቻ» ባለ ቁጥር፣ እዚህ ደንበኛ ፊት ስክሪኑ ድርግም ይላል። መጀመሪያ አካባቢ አስቆት ነበር። እንዲያውም ፊቷን እያሰበ ለጨዋታም ሳይሆን ለተንኮል ብቻ ገብቶ የወጣበት ቀን አለ።

ዛሬ ጠዋት ጭኮ አብልታዋለች። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ይላሉ፤ እሱ የሰበረው ወጪቱን ብቻ አይደለም።

«በቃ ተወው፣ አትልፋ» አለችው። «በፍቃዱ ኮምፒውተሩን ሽጪልኝ ብሏል፤ ከዙህር ሶላት በኋላ መጥቶ ይወስዳል። ለደላላውም ደውያለሁ።»

«የምን ደላላ?»

«የሪያዱ ነዋ። እዚያ ቢያንስ ማን እንደሚያስለቅሰኝ አውቃለሁ።»

ሁዜይፋ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ወጣ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ከፍቶ፣ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«ምንድን ነው?»

«ፓስወርዱ እዚህ ነው ያለው። ኔትወርክ አይደለም፣ ኡሚዬ። እኔ ነኝ። ቤት ሆኜ ባንቺው ጌም ስጫወት ነው የሚያስወጣሽ።»

«ወላሂ በለኝ።»

«ወላሂ።»

ስልኩን አየች፣ እሱን አየች። ሁዜይፋ ጫማዋን አውልቃ እስክትወረውርበት እየጠበቀ አንገቱን ደፋ።

«ሰባት ለዜሮ ያስመታኸኝ አንተ ነሃ?»

«አዎ።»

«በል ፓስወርዱን እንዴት እንደምቀይር አሳየኝ። ከነገ ጀምሮ እዚሁ መጥተህ፣ እንደ ሰው ከፍለህ ተሸነፍ።»