በነርቭ ላይ ያሉ በሮች

ሙቢና ሚስቴ ከመሆኗ በፊት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነበረች። ከአሰላ ወጣ ብሎ ያለውን ገብሴን ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ወሮት መድኃኒት የረጨሁ ዕለት እንደ ልማዷ ልታየው መጣች። ቅጠል ቆርጣ በአጉሊ መነጽር እንዳይ ጠራችኝ። ከሰሊጥ የምታንስ ተባይ እግሯን ታርገፈግፋለች።

"በርዷት ነው?" አልኳት።

"ቀልደኛ! ነርቯ ላይ ትንንሽ በሮች አሉ። ሲከፈቱ ሶዲየም፣ ያው ጨው ውስጥ ያለው፣ ወደ ውስጥ ይገባና መልእክት ያልፋል። ወዲያው ይዘጋሉ፤ የገባውም ተመልሶ እንዲወጣ ይደረጋል። መድኃኒትህ በሩ እንዳይዘጋ ይይዘዋል። መልእክቱ ማቆሚያ ያጣል፤ እስክትሞት ትንቀጠቀጣለች።"

"ለክሽክሽም ታዝኛለሽ?"

አልሳቀችም። "የሰውም ነርቭ እንዲህ ዓይነት በር አለው፣ ኢርሻድ። እኔ የሚጥል በሽታ አለብኝ። የምውጠው ኪኒን በሮቹን ያሳርፍልኛል። ልታገባኝ ካሰብክ ቀድመህ እወቅ።"

ማሰቤን በምን እንዳወቀች እንጃ። ተጋባን። ኪኒኗን እየዋጠች ደህና ኖርን።

ጢቾ ላለችው እናቴ ግን እንዳልነግራት ለመነችኝ። "ጂን ያለባት ምራት አመጣብኝ ትልሃለች" ትል ነበር። ለዒድ እናቴ ዘንድ ስንሄድ ኪኒኗን ቤት ትታው ኖሯል። የነገረችኝ ከደረስን በኋላ ነው።

"እናትህ ቦርሳዬን ብትከፍትስ? እስክንመለስ ምንም አልሆንም።"

ዝናብ መንገዱን ቆረጠው፤ መመለስ አልቻልንም። እዚያ ባለው መድኃኒት ቤት ጠየቅሁ፤ የእሷ ዓይነት አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ልብስ ልታለቀልቅ ወንዝ ወረደች። ስትቆይብኝ ተከተልኳት። እሷ የነበረችበት ዳር ውኃው ጉልበት አይደርስም፤ ግን በግንባሯ ውኃው ውስጥ ተደፍታ ነበር።

ለቀስተኛው ሲበተን እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ነበር የሚያማት?"

ስለ በሮቹም፣ ስለ ኪኒኑም፣ ለምን እንደደበቀችም ነገርኳት። ከትራሷ ስር የደም ግፊት ኪኒኗን አወጣች።

"ይሄን 'ይዋጡ' እያለች ውኃ ታቀብለኝ የነበረችው እሷ ናት" አለች። "ውኃው እጇ ላይ ነበር። የራሷንስ አብራኝ ብትውጥ ምን እላት ነበር?"

ተነስቼ ውኃ ቀዳሁላት። ብርጭቆውን ተቀብላ ያዘችው እንጂ አልጠጣችም።