ጆንያው ይውረድ

የግራ እግሬ ከሦስት ዓመቴ ጀምሮ ከእኔ ጋር አይስማማም። እኔ ግን ከክራንቼ ጋር ተስማምቼ መተማ ዮሐንስ ባለ የሰሊጥ መጋዘን አራት ዓመት ናሙና ወሳጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ናሙና መውሰድ ማለት ጆንያውን በሹል ቱቦ ወግቶ፣ የፈሰሰውን በመዳፍ ይዞ፣ አሸዋ ያለበትን፣ እርጥቡንና ከርሞ የቆየውን መለየት ነው። ሥራው ዓይንና መዳፍ ይፈልጋል። እግር ብቻ የሚበቃው ቢሆን አህያ ይቀጥሩ ነበር።

ዘንድሮ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡ፤ አቶ አለምሰገድ ይባላሉ። በመጡ በሳምንታቸው «ከእንግዲህ ናሙና የሚወሰደው የጭነት መኪናው ላይ ተወጥቶ ነው» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ እንደ ድሮው አራት ጆንያ ያውርዱልኝ። የትኛው እንደሚወርድ እኔ እመርጣለሁ።»

«ላንቺ ብዬ አሠራር አልለውጥም። ደግሞስ ብትወድቂ? ኀጢአትሽን አልሸከምም!»

«ኀጢአቴን ይተዉት፤ ጆንያውን ያሸክሙ።»

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ተሰጠኝ። «ለራሷ ደህንነት ሲባል» ተሰናብቻለሁ።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጫለሁ፤ ማንበብን ግን አላቋረጥኩም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚመለከተውን አዋጅ ጎንደር በሚመላለስ ሹፌር አስመጥቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» ይላል፤ ሠራተኛው ሥራውን መሥራት እንዲችል አሠሪው አቅሙ የፈቀደውን ያስተካክል ማለት ነው። ጠበቃ የለኝም። ክሱን በእጄ ጽፌ አስገባሁ።

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሲቃረብ የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ጋሼ ይርዳው ቤቴ መጡ።

«አይናዲስ ልጄ፣ ታረቂ ተብለሻል። ቢሮ ውስጥ ወንበር ይሰጡሻል። ምንም ሳትሠሪ ደመወዝሽን ትበያለሽ።»

«እንደ እንቁላል ተቀምጬ? እኔ የከሰስኩት ሥራዬን ብዬ ነው።»

«ኧረ ይቺ ልጅ! በዚህ ሐሩር ጥላ ሲሰጡት እምቢ የሚል ሰው አለ?»

«ጥላው ለአንቱ ይሁን ጋሼ፤ ወገብዎ ያሳዝነኛል።»

ስቀው ሄዱ። በቀጠሮው ቀን ግን ካፖርት ደርበው የመጋዘኑ ምስክር ሆነው ቀረቡ።

አቶ አለምሰገድ ለዳኛዋ ሲያስረዱ «አሠራራችን መኪና ላይ ወጥቶ ናሙና መውሰድ ነው። ያሰናበትናት አዝነንላት ነው» አሉ።

«እዘኑልኝ ብዬ ማመልከቻ ጽፌያለሁ?» አልኩ። ዳኛዋ ዝም በይ አሉኝ። ምስክሩን የመጠየቅ ተራዬ ሲደርስ ግን ክራንቼን ተደግፌ ተነሣሁ።

«ጋሼ ይርዳው፣ መኪናው ላይ ተወጥቶ የላይኛው ጆንያ ብቻ ቢወጋ የሥሩ ሰሊጥ በምን ይታወቃል?»

ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሰሊጥ አውርደዋል። ሙያቸው ሲነካ ጊዜ ለማን ሊመሰክሩ እንደመጡ ጠፋቸው።

«ምን ነካሽ! ከላይማ ነጋዴ ንጹሑን ነው የሚጭነው። እኛ ከመሀልና ከሥር እናወርዳለን፤ መሬት ላይ ይወጋል። እንዲህ ነው ሥራ!»

«እኔ ከወጣሁ በኋላስ?»

«ያው ነዋ! ባንቺ ቦታ የገባው ሰው መኪና ላይ ወጥቶም አያውቅ። የመኪናው ብረት በቀን ሥጋ ይጠብሳል።»

ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። አቶ አለምሰገድ አንገታቸውን ደፉ።

«ለእርሱ የሚወርደው ጆንያ» አሉ ዳኛዋ፣ «ለእርሷ ያልወረደው ለምንድን ነው?»



ፍርዱ በሁለተኛው ሳምንት ተነበበ፦ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው፤ ወደ ቦታዋ ትመለስ፤ ጆንያ ይውረድላት፤ ለቁመቷ የሚስማማ ጠረጴዛ ይሠራላት። ሰዉ «እግዜር ረዳሽ» አለኝ። ረድቶኛል፤ አዋጁን ያነበብኩት ግን እኔ ነኝ።

ሰኞ ከአብርሃ ጅራ የጫነ መኪና ገባ። ጋሼ ይርዳው ዓይኔን ዓይኔን እያዩ ከሥር አንድ ጆንያ አወረዱ። ወጋሁት፤ መዳፌ ላይ ፈሰሰ። እርጥብ ነው።

ሰሊጡን ያመጣው ነጋዴ ወደ አቶ አለምሰገድ ዞሮ ጮኸ። «ይቺ ናት የምትመልሰኝ?»

ሥራ አስኪያጁ መዳፌን አዩ፤ ከዚያ ፊቴን።

«ምን ትያለሽ አይናዲስ?»

«ይመለስ።»

«ሰምተሃል» አሉት ነጋዴውን፤ «ይመለስ።»