ጠባቧ ሱቅና ኤክስኪዩዝ ሚ

የልብስ ስፌት ሱቃችን መተላለፊያ ሆድን ሰብስበው ካልሆነ አያሳልፍም። እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ፣ ታናሽ ወንድሜ ካውያው ጋ፤ በቀን ሠላሳ ጊዜ "ይቅርታ" እየተባባልን እንተላለፋለን። ማለቴ፣ እንተላለፍ ነበር።

ካኮረፈኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ጌታው "ኤክስኪዩዝ ሚ" ሆኗል የሚለኝ። በአማርኛ ካለ ይቅርታ የጠየቀኝ እንዳይመስልበት ነዋ! እኔስ ከማን አንሼ? አፍንጫዬን ነፍቼ "ኤክስኪዩዝ ሚ" እላለሁ። የሚያየን ሰው ኤምባሲ የምንሠራ ይመስለዋል።

እንግዲህ ሐቁን ልናገር። አንዲት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ቀሚስ አሰፉ፤ እጅጌውን አሳጠርኩት። ሲቆጡብኝ ግን፣ ምላሴን በቆረጠው፣ "እሱ ነው በካውያ ያኮማተረው" አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ! ወንድሜ ይህን ሰምቶ አኮረፈኝ። ሌላ ሱቅም ሥራ አግኝቷል፤ የፊታችን ቅዳሜ ይሄዳል። እንዳይሄድብኝ ፈርቻለሁ፣ ግን እልህ ያዘኝ።

ዓርብ ዕለት ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ መጣች። ስንተላለፍ አይታ በሳቅ ፈረሰች።

"አክስቴ፣ 'ኤክስኪዩዝ ሚ' እኮ ሰው ሳይረግጡ በፊት ነው። ከረገጡ በኋላ 'ሶሪ' ነው የሚባለው።"

"እና እኔ ማንን ረገጥኩ?"

ወደ ካውያው ዞር ብላ አየች። ደሜ ፈላ፤ እውነቷን ነዋ።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ የካውያውን ገመድ ሲጠቀልል፣ ዳይሬክተሯ የተስተካከለውን ቀሚስ ሊወስዱ ገቡ። ቀሚሱን እንደያዝኩ፣

"ያን ቀን እጅጌውን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ፈርቼ ነው በእሱ ያላከክሁት። ሶሪ።"

"ኧረ እኔስ ረስቼዋለሁ!" አሉ።

"እርስዎን አይደለም፣ እሱን ነው" አልኳቸው። ወደ ወንድሜ ዞርኩ። "በአማርኛም ይቅርታ።"

ወንድሜ ቀና አላለም። ካውያውን አንስቶ መተላለፊያው ላይ መጣ።

"ኤክስኪዩዝ ሚ፣ እትዬ።"

አለቀልኝ ብዬ ወደ በሩ እንዲያልፍ ጥግ ያዝኩለት። ንቅንቅ አላለም።

"በወዲያ ሳይሆን በወዲህ። ሶኬቱ ከኋላሽ ነው" አለኝ። "ሳይተኮስ ልትሰጫቸው ነው እንዴ? አጠረ ብለሽ ደግሞ በእኔ እንዳታላክኪ!"