የጋሽ ሙደሲር ስፍር

የጋሽ ሙደሲር ነገር እኮ ጉድ ነው! ፒያሳ ላይ ስንቱን ትውልድ እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው፣ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አፋቸው ላይ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ሀርቨስት»። ውሃ ሲጠማቸው ሀርቨስት፣ ወገባቸውን ሲያማቸው ሀርቨስት፣ ከቸርችል ጎዳና የታክሲ ጥሩንባ ሲያባንናቸውም ያችው ሀርቨስት።

ጎረቤታቸው አጽብሐ፣ አራዳ ተወልዶ ያደገ ቀልደኛ፣ መጀመሪያ ሰሞን «ጋሼ፣ ዶሮ ማነቂያ ላይ ምን ዘርተው ነው የሚያጭዱት?» እያለ ያስቃቸው ነበር። እሳቸውም በግማሽ ፊታቸው ይስቁለታል። በኋላ ሰውነታቸው እየከዳቸው ሲሄድ አጽብሐም ቀልዱን ተወው፤ ገብቶ እግራቸውን አሸት አሸት ያደርግና ይወጣል።

ሚስታቸውን እትዬ ከዲጃን እንቅልፍ የነሳቸው ሌላ ነገር ነው። «ሙስሊም ሰው በሸሃዳ ነው መሄድ ያለበት» ይላሉ። «ላኢላሀ ኢለላህ ሳይል፣ በፈረንጅ ቃል ይሙትብኝ? ያረቢ!» ጠዋት ማታ ጆሯቸው ሥር ተጠግተው ሊያስብሏቸው ይታገላሉ። ጋሽ ሙደሲር ከንፈራቸውን ያሞጠሙጣሉ፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ከዚያ «ሀርቨስት»። እትዬ ከዲጃ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወደ ጓዳ ይገባሉ።

አንድያ ልጃቸው ሲሀም ይህን ሁሉ ታያለች። አንድ ቀን እናቷን ላጽናና ብላ፣ አባቷ ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ የሰማችውን ነገረቻቸው።

«እማ፣ ተራ ቃል እኮ አይደለችም። ዛሬ አዝመራ መሰብሰብ ማለት ናት። ጥንት ግን የሥራው ሳይሆን የወቅቱ ስም ነበረች፤ እኛ መኸር እንደምንለው። ሰዉ እርሻውን ትቶ ከተማ ሲገባ ለወቅቱ ሌላ ስም ተገኘለት፣ እሷ ለሥራው ቀረች። ሥሯ ደግሞ መልቀም፣ መቅጠፍ ማለት ነው፤ ግሪኮች ፍሬን የሚጠሩበት ቃልም ከዚያው ነው የበቀለው፣ ይል ነበር አባባ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ አላህ ፊት ምን ይሠራለታል?» አሉ እናቷ።



ጁምዓ ከሰዓት ጋሽ ሙደሲር ድንገት ነቁ። ዓይናቸው ጠራ። ደህናው እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ወረደና አንዳች ነገር ዝቆ ወደ ጎን ገለበጠ። ደግሞ ዛቀ፣ ደግሞ ገለበጠ። ሲሀም በደስታ ዘላ ተጠጋች፤ ዛሬ እንኳ ሸሃዳውን ይላል ብላ አፏን ስትከፍት እናቷ ክንዷን ያዙ።

«እሽሽ! እህል እየሰፈረ ነው።»

ባልና ሚስቱ የወሎ ሰዎች ናቸው፣ ያውም የአንድ መንደር ልጆች። በእነሱ ቀዬ አውድማ ላይ እህል በቁና ሲሰፈር ትንፍሽ አይባልም። ሰፋሪው ቢስሚላህ ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ አፉን የከፈተ ሰው በረከቱን ያስነሳል። ዕድሜ ልክ ፒያሳ መኖር ይህን ከእትዬ ከዲጃ አላወጣውም። «ይጨርስ፤ ከዚያ ታስብይዋለሽ» አሉ በሹክሹክታ። ያንን የአገር ቤት ጎረምሳ መልሰው ያገኙት ይመስል ፊታቸው በርቶ ነበር።

እናትና ልጅ ትንፋሻቸውን ውጠው አዩ። እጁ ዛቀ፣ ገለበጠ። ዘገየ። አንዴ ዛቀና ሳይገለብጥ ብርድ ልብሱ ላይ ቀረ። ሲሀም እስኪገለብጡት ጠበቀች። እትዬ ከዲጃም ጠበቁ።

መጀመሪያ የገባት ሲሀም ናት። «እማ…»

እትዬ ከዲጃ ጆሯቸው ላይ ተደፉ። «ላኢላሀ ኢለላህ! በል እንጂ ሙዴ! በል በሞቴ!» ማን ይስማቸው። አጽብሐ ጩኸቱን ሰምቶ ሲገባ «እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋት! እኔው በገዛ አፌ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቁ ነበር።

ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ከወጡ በኋላ እትዬ ከዲጃ የልጃቸውን እጅ ጭምድድ አድርገው ያዙ።

«ሰፋሪ ቢስሚላህ ሳይል አይጀምርም። እኔ እጁን ሳይ ከንፈሩን አላየሁትም። አንቺ አይተሻል? ብሏል?»

ሲሀምም ያየችው እጃቸውን ነው። ከንፈራቸውን አላየችም፤ አንዳችም ነገር አልሰማችም።

«ብሏል እማ» አለች። «በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

«አልሀምዱሊላህ! በአላህ ስም ነዋ የሄደው» አሉ እትዬ ከዲጃ፤ ያን ጊዜ ገና እንባቸው መጣላቸው። ሲሀም ግን ማልቀስ አቃታት።